እጄን ልታጠብ

ዱካሌ ተሾመች፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ።
ደወለች ለሁላችን፦ «ቅዳሜ ማታ፣ ከሐይቁ ደጅ፣
ሰባተኛው ፎቅ ላይ፤ ወዮላችሁ ብታረፍዱ!»
አራት ሆነን በአንድ ባጃጅ ታጭቀን፣ አቤት መንገዱ!
ዘበኛው ባጃጅ አያስገባም፤ ከበሩ ላይ ወረድን፤
መኪናችንን ራቅ አድርገን ያቆምን መስለን ሄድን።

ሊፍቱ ዙሪያው መስታወት፤ አራታችን ስምንት ሆንን፤
ቶሎሳ ከረባቱን ነካ፤ እኔ ሆዴን ሳብኩ፤ ዝም አልን።
ላንቃሞ ብቻ ሳቀ። ላንቃሞ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤
ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጣቱ ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

ሦስት ሹካ፣ ሁለት ቢላ፣ ለአንድ ሰው አራት ብርጭቆ፤
ናፕኪኑ ሳህን ላይ ቆሟል፣ ወፍ መስሎ፣ ተጠንቅቆ።
የቱ ለየቱ እንደሆነ ዱካሌን በዓይን እንጠይቃለን፤
ስታነሣ እናነሣለን፣ ስታስቀምጥ እናስቀምጣለን፣
እንደ ስፖርት ክፍለ ጊዜ።

ሜኑው ወፍራም ነው፤ ዋጋው ግን በደቃቅ ቁጥር፤
ቶሎሳ ከቀኝ ወደ ግራ አነበበው፣ ነጋዴ ሲቆጥር።
ላንቃሞ ሳይገልጥ ዘጋው፦ «ለእኔ ዓሣ፤ የኛው ቆሮሶ።»
አስተናጋጁ ጎንበስ አለ፣ ጥቁር ሰደርያ ለብሶ፣
እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።
«አሞራ ገደል» አለ ላንቃሞ፣ ድምፁን ወደ እኛ ጠጋ አድርጎ፣
«ታስታውሳላችሁ? ከመረቡ አጠገብ፣ አባ ኮዳ!
አንጀት እስክንወረውርለት የሚቆመው፣ ያ ባለ ኮት እንግዳ።»
ሰናይት ውሃው ትን አላት። ከጎን ጠረጴዛ ዞሩብን፤
ሳቃችንን በናፕኪን ሸፈንነው፤ እንባው ግን አመለጠን።

ቆሮሶው መጣ።
ሁለት ጣት ነው፤ አረንጓዴ መረቅ፣ አንዲት የእንስላል ቅጠል፤
ሰናይት ሳቋን ውጣ፣ «ቀሪው ከኋላ ይመጣል?»
ሳህኑ ሐይቁን ያህላል፤ ዓሣው መሀል ላይ፣ ብቻውን፤
ቶሎሳ ቅጠሉን ገልጦ ከሥሩ ፈለገ ሌላውን።
ግን ውሸት ምን ያደርጋል፤ ይጥም ነበር።

ላንቃሞ ዓይኑን ጨፍኖ፦ «ይህ ሌሊት ነው የተያዘ፣
ከጉማሬዎቹ ወዲያ።» ማን ያውቃል? ግን አመንነው፤
አባቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መረብ የያዘ ሰው ነው።
ነበር፣ ማለቴ።

ከዚያ ዱካሌን ምን እንደነካት፣ አዲሷን ሥራ አስኪያጅ፣
ስቴኳን በሹካ ወጋችና፦ «በሞቴ! እንካ፣ አንተ ልጅ!»
የሹካ ጉርሻ አይታችኋል? ብረት ነው፤ አፍ ይፈራል፤
ጥርስ ይንቀጫቀጫል፣ ከንፈር ወደ ኋላ ይቀራል።
ላንቃሞ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ መርፌ ተቀበለ፤
«አንዱ ያጣላል» አለች፤ ሁለተኛው ሸሚዙ ላይ መረቅ ጣለ።
በቃ፣ ጣቶች ወጡ። ሹካዎቹ እንደ ተቀጡ ልጆች ተደርድረው ቀሩ፤
አስተናጋጁ አየን፤ ፈገግ አለ፤ ፊቱን አዞረ ወደ በሩ።

«እጄን ልታጠብ» ብሎ ላንቃሞ ተነሣ።
ቆየ። ሲመለስ ሐይቁን እያየ ተቀመጠ።

ዱካሌ ሒሳብ ጠራች። ቶሎሳ ቦርሳውን አወጣ፤
ሰናይት እጁን ያዘች፤ እኔም ለወጉ ያህል ተቆጣሁ፣ «እንዴት ሲባል!»
አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፦ «ተከፍሏል።»

ተከፍሏል?
የአስተማሪ ደሞዝ ስንት ነው? ማናችንም አልተነፈስን፤
ግን ሁላችን፣ በየልባችን፣ ደመርን፤ ቀነስን።
ዱካሌ ፊቷ ቀላ፦ «ግብዣው እኮ የኔ ነው!»
ላንቃሞ በእንስላሏ ቅጠል ይጫወታል፤
«ማክሰኞ» አለ፣ «የአባቴን ጀልባ ሸጥኳት።
ብቻዬን ልበላት አልወደድኩም።»

ስንወርድ ሊፍቱ ውስጥ አሥር ሆነናል፤ አንዳችን አልተናገርን።
የዱካሌ የሹመት መኪና ገና ነው፤ አምስት ሆነን ባጃጅ ጠራን።
ለባጃጁ ግን ተጣላን! «እኔ!» «እኔ!» ጎረቤት ሰማ፤
ሾፌሩ አራት እጅ አይቶ የማንን እንደሚቀበል ግራ ተጋባ።
ላንቃሞ ከዳር ተቀምጦ ጣቱን አሸተተ፤ ዓሣ ዓሣ ይላል።
ለካ እጁን አልታጠበም።